ላብ ላይ ንፋስ

«ማነው መስኮቱን የዘጋው? አንቺ ጋይንቴ፣ ዛሬም አንቺ ነሽ አይደል?»

ማንአለሽ የብረት አልጋዋ ላይ ቆማ የመስኮቱን እጀታ ወደ ታች እንደተጫነች ቀረች። በቀጫጭን ሳንቃ የተሠራው መስኮት ጠቅ ብሎ ተዘግቷል፤ የመኝታ ክፍሉም ጨለምለም ብሏል። በሩ ላይ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የቆመችው ፋንቱ ነበረች። ፋንቱ የክፍሉ ተጠሪ ናት፤ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች ሙቀት አያስፈራትም። ምላሷ ግን ሰው ያስፈራል።

«ልብሴን ልቀይር ብዬ ነው» አለች ማንአለሽ።

«ውሸትሽን ነው፣ ንፋስ ፈርተሽ ነው። ስሙኝማ ልጆች፣ የዚህች አገር ማን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ንፋስ መውጫ። ከንፋስ መውጫ መጥታ ንፋስ ትፈራለች!»

ልጆቹ ሳቁ። ማንአለሽም አብራ ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። ፋንቱ መጥታ መስኮቱን በረገደችውና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች።

ምን ታድርግ? አክስቷ አመለወርቅ ያሳደገቻት እንዲህ እያለች ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ ፊት እንዳትቆሚ፣ ምች ይመታሻል። ንፋስ መውጫ ላይ ይህን ማክበር አይከብድም፤ እዚያ ላብ ራሱ ብርቅ ነው። ዳገት ወጥቶ ግንባሩ ወዝ ያለ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ጥግ ይይዛል፤ ላቡም ወዲያው ይደርቃል። እዚህ፣ ኩባ በሚሉት አገር ግን ላብ ደርቆ አያውቅም። እንግዲህ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ንፋስ ይሽሽ ከተባለ ዕድሜ ልኩን መስኮት ዘግቶ ሊኖር ነው። ማንአለሽ ይህን አስባው አታውቅም። የምታውቀው መዝጋቱን ነው።

ከአገሯ ስትወጣም ብዙ አላሰበችበትም። እናቷን በሕፃንነቷ ነው ያጣችው። አባቷ ፈንታሁን ከሚሊሽያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቶ በዚያው ቀረ። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው የዘማች ልጆች ባሕር ማዶ ሄደው ይማራሉ አሉ። አክስቷ አልቅሳ እሺ አለች፤ ማንአለሽም አክስቷ እሺ ስላለች እሺ አለች። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ካምፕ፣ ከዚያ መርከብ። መርከቡ ላይ እንኳ ንፋስ ነበር። ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ግን፣ የሚንተከተክ ድስት ክዳኑ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣው እንፋሎት አለ አይደል፣ እሱ ተቀበላት። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልፍ ጠበቀች። አላለፈም። ይኸው የሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ገባ፣ አሁንም አላለፈም።

ሙቀት ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። የጋይንት ፀሐይም በመጋቢት ትፋጃለች፤ ዛፍ ሥር ገባ ካሉ ግን ትተዋለች። እዚህ ጥላውም ያው ነው። አየሩ ሲተነፍሱት ውሃ ውሃ ይላል። ያጠቡት ልብስ ገመድ ላይ ውሎ አድሮ እንደረጠበ ይወርዳል፤ ጨው ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል። ከአገር ይዛው የመጣችው ጋቢ ሻንጣ ውስጥ እንደተቀመጠ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀመረ። ጋቢው የአክስቷን ቤት ይሸት ነበር። ያ ሽታ የጠፋ ቀን ማንአለሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሆዷ እስኪቆርጣት አለቀሰች። ስትወጣ ማንም አላወቀባትም፤ የሁሉም ሰው ፊት እርጥብ ነውና።

ከሁሉ የባሰባት ዝናቡ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ደስ ይላታል፤ ሐምሌ አይደል፣ አሁን በረዶው ይወርዳል ትላለች። ዝናቡ ይመጣና ለብ ያለ ነው፣ እግር ሊታጠቡበት ያሞቁት ይመስል። ሲያባራ ምድሩ ይጨሳል፤ ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል። ዝናቡ እንኳ አይበርድም እንግዲህ። ይህን ለማን ትነግረዋለች?

ለጥሩዬ ነው እንጂ። ጥሩዬ የእስቴ ልጅ ናት፣ የመካነ ኢየሱስ። አገር ቤት ቢሆን አንዷ እስቴ ሌላዋ ጋይንት፣ ማን ከማን ጋር ይተዋወቃል? እዚህ ግን የአንድ እናት ልጆች ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ተማሪው ሁሉ የፍራፍሬ ማሳ ያርማል። ፍሬውን ኩባዎቹ ቶሮንጃ ይሉታል፤ የእኛዎቹ ልጆች ትርንጎ ብለውት ቀሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰለፉና ጨዋታቸው ስለ ብርድ ነው።

«አሁን ቤታችን ብሆን እግሬን እሳቱ ውስጥ ልጨምረው ምንም አይቀረኝም» ትላለች ጥሩዬ።

«እኛ ጋ ይብሳል። ጠዋት በሩን ስትከፍቺው ጉሙ ሰተት ብሎ ቤት ይገባል።»

«ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ ታየኝ።»

«ተይኝ በሞቴ፣ አታስጎምጂኝ።»

እንዲህ ሲባባሉ ሙቀቱ ትንሽ የሚቀልላቸው ይመስላቸዋል። ከጥሩዬ ሌላ ማንአለሽ የምታወጋው ሰው በዚያች ደሴት አልነበራትም።

ስለዚህ አንድ ቀን ጥሩዬ መኮትኮቻዋን ጥላ «በረደኝ» ስትላት የተለመደው ጨዋታ መሰላት።

«የት አገኘሽው? ለእኔም አካፍዪኝ እንጂ።»

«የእውነቴን ነው።»

ማንአለሽ ክንዷን ያዘችው። ጥሩዬ ትንቀጠቀጣለች፤ ጥርሷ እውነትም ይንቀጫቀጫል። ያች ሁሉን የምታቀልጥ ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማ ጥሩዬን ብርድ ይዟታል። ማንአለሽ መጀመሪያ የተሰማት ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ቀንታባት ነበር።

«ነይ ክሊኒክ እንሂድ።»

«አልሄድም!» ጥሩዬ እጇን ጨመደደቻት። «ያን የሐረርጌ ልጅ በሽተኛ ነው ብለው መለሱት አይደል? እኔንም ይመልሱኛል።»

«ብትመለሽስ? እኔ ብሆን...»

«ወዴት ነው የምመለሰው? እናቴ አግብታለች። ሰውየው እኔ ስወጣለት ጊዜ ጎረቤት ጠርቶ ነው የደገሰው። ማንአለሽ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።»

የአባቷ አጥንት የት እንደወደቀ ማንአለሽ አታውቅም። ለዚህ ነው መሰል እንዲህ ሲሏት እንቢ ማለት የማትችለው። ማለችላት። ስትምል ግን የራሷንም ጉዳይ አልረሳችም። ጥሩዬ ከተመለሰች፣ ነገ ማሳው ላይ ከጎኗ ማን ሊሰለፍ ነው?

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ለቀቅ ሲያደርጋት ጥሩዬ ትነሳና ትስቃለች፤ ሲይዛት አልጋዋ ላይ ጥቅልል ትላለች። ፋንቱ ስትጠይቅ ማንአለሽ ትቀድማለች። «ቁርጠት ነው። የእኛ የሴቶቹ ነገር ነው።» ፋንቱ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻትና ሄደች። ውሸት እንዲህ የሚቀል ነገር መሆኑ ማንአለሽን ራሷን ገረማት።

መድኃኒቱን ደግሞ ታውቀዋለች። ምች ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መስኮት ከፍተው እያደሩ ላብ ላይ ንፋስ ሲነፍስባት ከርሞ። አክስቷ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠቻት ደረቅ ዳማከሴ ሻንጣዋ ጥግ ነበር። ቅጠሉ ሻግቷል፤ ቢሆንም በውሃ አሽታ አፍንጫዋ ሥር አደረገችላት። በጋቢ ሸፈነቻት፣ ብርድ ልብስ ደረበችባት፣ መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። አባቷን አንድ ጊዜ አክስቷ እንዲህ አድርጋ ስታድነው አይታለች። ሲነጋ ላቡን ጠርጎ በሬዎቹን ሊጠምድ ወጣ። የዚያ ቤት ግድግዳ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር።

በሸፈነቻት ቀን ቀትር ላይ ልጆቹ ምሳ አዳራሽ ነበሩ። ማንአለሽ ዳቦዋን በኪሷ ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። በሩን ስትከፍተው ውስጡ ያለው ሙቀት ፊቷን መታው፤ ራሷ የዘጋችው ክፍል ነው። ትንፋሽ ያጥራል። ጥሩዬ ጋቢው ውስጥ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«አላበሽ?»

ማንአለሽ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። የራሷ እጅ ላብ ይንጠባጠባል፤ የጥሩዬ ደረት ግን ደረቅ ነው፣ ደረቅና የሚፋጅ። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ እንዲህ ደረቅ ነገር ነክታ አታውቅም።

«እማ» አለች ጥሩዬ። «በሩን ዝጊው። በረዶው እየገባ ነው።»

«ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ። ማንአለሽ ነኝ።»

«ጥጃዋ ውጭ ናት። ዝጊው እማ።»

ማንአለሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ልቆይ አለች በልቧ፤ ትንሽ ብቆይ ያልባትና ይለቃታል። የአባቷ አጥንት አለ። የእንጀራ አባትየው አለ። ማንም አላወቀም፣ ምሳው አላለቀም። ደግሞ፣ ይህን ስታስብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ጥሩዬ ከሄደች በዚህች ደሴት ላይ ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅላት ሰው አይኖርም። ብቻዋን ትቀራለች። እንደገና ብቻዋን።

የጥሩዬ ትንፋሽ አጠረ፤ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ማንአለሽ ዞር ብላ አየቻት። ጋቢው እስከ አገጯ ተጠምጥሟል፤ ጫፉን አልጋው ሥር የወሸቀችው ማንአለሽ ራሷ ናት፣ እንዳትገልጠው ብላ። እንዳትሄድብኝ ብላም ጭምር። ይህ አሁን ገባት።

ተነሳች። ጋቢውን ፈታ ወለሉ ላይ ጣለችው። አልጋ ላይ እየወጣች የመስኮቶቹን እጀታ አንድ በአንድ አነሳች። ከዚያ በቀትሯ ፀሐይ ግቢውን አቋርጣ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች። ነርሷ ካሪዳድ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ በካርቶን ፊቷን ታራግብ ነበር። ማንአለሽ ከእነሱ ቋንቋ የያዘችው ጥቂት ቃል ነው፤ እሱም ጠፋባት።

«ጥሩዬ ማላ» አለች በመጨረሻ፣ ጥሩዬ ታማለች ለማለት። «ማላ፣ ማላ!»

ካሪዳድ ካርቶኑን ጥላ ተነሳች።

የቀረው ሁሉ ፈጣን ነበር። እርጥብ አንሶላ፣ ውሃ፣ መርፌ። የአማርኛ መምህራቸው ወልደ ጊዮርጊስ ምሳቸውን አቋርጠው እየሮጡ መጡና የነርሷን ቃል ተረጎሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ማነው በዚህ ሙቀት የሸፈናት? ትላለች።»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ቁርጠት ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

መምህር ወልደ ጊዮርጊስ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጋቢ አዩት፤ ተቆጥተው ነበር፣ ቁጣቸው ግን ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው የሚያደርጉት» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ግን አይሆንም ልጄ።»

«ይመልሷታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሐኪሙ ነው የሚያውቀው።»

ጥሩዬን በቃሬዛ ሲያወጧት ማንአለሽ ጎን ጎኗን ሄደች። ውሃው ትንሽ መልሷት ነበር። ዓይኗን ገልጣ ማንአለሽን ለየቻትና ጣቷን ያዘቻት።

«አልነገርሽም አይደል?» አለች።

አልነገርኩም ማለት ይቻል ነበር። ጥሩዬም ጣቷን እንደያዘች ትሄድ ነበር።

«ነግሬያለሁ» አለች ማንአለሽ።

ጥሩዬ ጣቷን ለቀቀች። ፊቷን ወደ ሌላ በኩል አዞረች። የመኪናው በር ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ማንአለሽ ጋቢውን በሳሙና አጥባ ገመድ ላይ ሰጣችው። መምህር ወልደ ጊዮርጊስ በዚያ ሲያልፉ እሑድ ወደ ሆስፒታሉ መኪና እንደሚሄድና አንድ ሰው መጠየቅ እንደሚችል ነገሯት። እሷ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ውሃውን መጭመቅ ቀጠለች።

ከራት በኋላ ልጆቹ ስለ ጥሩዬ ሲያወሩ ቆይተው ወደየአልጋቸው ሄዱ። ማንም በማንአለሽ አልሳቀም፤ ቢስቁባት ይሻላት ነበር። ፋንቱ መጥታ የማንአለሽ አልጋ ላይ ወጣችና የመስኮቱን እጀታ ያዘች።

«ልዝጋልሽ? ሙቀቱን ለዛሬ እኔ እችለዋለሁ።»

«ተይው።»

«የእውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ። ተይው፣ ይግባ።»

ፋንቱ ወርዳ ወደ አልጋዋ ሄደች። ማንአለሽ ምንም ሳትደርብ ጋደም አለች። በሳንቃው መሐል ከባሕሩ በኩል ቀጭን ንፋስ ገባና አንገቷ ላይ ያለውን ላብ አገኘው። ዓይኗን ጨፍና ምች እስኪመታት ጠበቀች። አልመታትም። አንገቷ ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ። ከመርከቡ ከወረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዳት።

«በረደኝ እኮ» ልትል ወደ ጎን ዞረች። የጥሩዬ አልጋ ባዶ ነበር።

ወደ ፋንቱ አልጋ ዞረች።

«ፋንቱ» አለች።

«እ?»

«እሑድ እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ጥሩዬ ታባርርሻለች እኮ።»

«ታባርረኛ» አለች ማንአለሽ፤ መስኮቱንም ሳትዘጋው ተኛች።