የሹራቡ ሽታ

ምሥራቅ ፌስታሉን ፈትታ አፍንጫዋን አስገባች፤ ዓይኗን ጨፍናም ጠበቀች። ጭስ፣ ሰም፣ ትንሽ ላብ... ምንም አልመጣም። የሸተታት ፌስታሉና ሻጋታ ብቻ ነበር።

«ምሥሬ!» እናቷ ከጓዳ ተጣራች። «አልጋውን አራግፊና አንሶላ አንጥፊበት። ይመኙሻል ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች።»

አልጋው የግዛቸው ነው። ታላቅ ወንድሟ ባለፈው ክረምት ወባ ይዞት ከሞተ ወዲህ ማንም ተኝቶበት አያውቅም። አሁን ግን የአክስቷ ልጅ ይመኙሻል ዘጠነኛ ክፍልን ቦንጋ ልትማር ከቢታ ገነት እየመጣች ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትርፍ አልጋ የለም።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሹራብም የግዛቸው ነው። ማንኪራ ጫካ ገብቶ ከአባታቸው ጋር ማር ሲቆርጥ የሚለብሰው፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ አረንጓዴ ሹራብ። እናቷ የእሱን ልብሶች ሰብስባ ስታጥብ ምሥራቅ ይህን ደበቀችው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፌስታሉን ትፈታለች፤ ሽታው እንዳያልቅባት ፈርታ አንዴ ብቻ ወደ ውስጥ ትስብና መልሳ ትቋጥረዋለች። ያን ጊዜ ግዛቸው በር ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ የሚያራግፍ ይመስላት ነበር።

ዛሬ አለቀ።

አልጋውን ሳትነካ፣ ፌስታሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በጓሮ በር ወጣች።

የክፍል ጓደኛዋ መኪያ በአባቷ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ምሥራቅ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። ትስቅብኛለች ብላ ነበር፤ መኪያ ግን አልሳቀችም። ሹራቡን ተቀብላ አሸተተችው።

«ሙድ እየያዝኩ አይደለም፤ ግን ይሄ ነገር ሻግቷል።»

«አውቃለሁ። ወንዝ ልወረውረው ነው።»

«ምን አጠፋና?» መኪያ ወደ ሱቁ ገብታ ቁራጭ ሳሙና ይዛ ወጣች። «ነይ፣ እንጠበው።»

«ካጠብነውማ ጨርሶ ይሄዳል!»

«ሄዷል እኮ፣ ምሥሬ» አለቻት ቀስ ብላ።

ወደ ወንዙ ሲወርዱ ጉሙ ገና አልተነሣም። ዛፎቹ ወገባቸው ድረስ ነጭ ነገር ውስጥ ቆመዋል፤ ውሃው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ምሥራቅ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ሹራቡን ዘረጋችው። እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

«ዝም ብለሽ አትዘፍዝፊው። የሆነ ነገር እያልሽ ይሁን» አለች መኪያ።

«ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድምነቱ ላንቺ።»

ምሥራቅ አንደኛውን እጅጌ ያዘች። «ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያፏጨው» አለችና ውሃው ውስጥ ከተተችው። ሌላኛውን አነሣች። «ቀፎ ሳይከፍት በፊት ንቦቹን እንደምን አደራችሁ የሚላቸው።» ደረቱን ዘፈዘፈች። «ሒሳብ ሲያስረዳኝ ከእኔ ቀድሞ የሚናደደው።»

አንገትጌው ብቻ ቀረ። ለእሱ ቃል አጣች። በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ አቆየችው፤ እስኪቀዘቅዛት፣ ጣቶቿ የማን እንደሆኑ እስኪጠፋት ድረስ። ከሱፉ ውስጥ ቡናማ ውሃ ወጣ፤ እንደ ቀጭን ጭስ ተጠቅልሎ በድንጋዮቹ መሃል አለፈና ጉሙ ውስጥ ገባ። ከማዶ ጉሙ ራሱ ተነሥቶ፣ አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚሄድ ቀስ እያለ ወደ ጫካው አዘነበለ። ምሥራቅ አልጠራችውም።

«ደህና ሁን» አለች።

ሹራቡን ጨምቀው ቁጥቋጦ ላይ ሲያሰጡት አንዲት ንብ መጣች። እጅጌው ጫፍ ላይ ሳይለቅ የቀረ ሰም ነበር፤ እሱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሁለቱም እስትንፋሳቸውን ያዙ። ንቧ ሄደች።

«እኔን ብትነድፈኝ ግን አልምራትም ነበር» አለች መኪያ።

ምሥራቅ ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት፤ ከየት እንደመጣ ለማየት ያህል ዘወር አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ መኪያም እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሣር ነጨች።

ሹራቡን ይዛ ቤት ስትደርስ አልጋውን አራገፈች። አንሶላውን አራቱንም ጥግ ወጥራ አነጠፈችና «መናኸሪያ እኔ እሄዳለሁ» አለች። እናቷ አልጋውንም እሷንም አየት አድርጋ ጃንጥላውን አቀበለቻት።

ይመኙሻል ከአውቶቡሱ የወረደችው ግማሽ ጆንያ ጎደሬ አቅፋ ነበር። ገና ሰላም እንደተባባሉ «የክፍሉ ፕላዝማ እውነት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወራው?» አለች በፍርሃት።

«በእንግሊዝኛ ብቻ። ደግሞ አይጠብቅሽም።»

«ጉዴ ፈላ!»

ጆንያውን ጫፍና ጫፍ ይዘው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ይመኙሻል አንገቷን ደፋች። «አልጋው... የሱ ነው አሉ። ቅር ካለሽ እኔ መሬት ላይ መተኛት እችላለሁ።»

«አልጋው ላይ ነው የምትተኚው።»

ይመኙሻል ቀና አለች። «ልጅ ሆኜ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ከቀብሩ ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የግዛቸውን ስም ፊቷ ላለማንሣት ሲጠነቀቅ ከርሟል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ደርሰዋል፤ የታችኛው ቶሎ ቤት ያደርሳል።

ምሥራቅ ጆንያውን በደንብ ጨበጠችው።

«በላይኛው እንሂድ» አለች። «እሱ ይረዝማል።»