የወንድሜ ሰዓት

ሰዎች ቀልዴ የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። ያላታለልኩት የሰፈር ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው።

ይሄ ግን እውነት ነው። ከዋሸሁ የእናቴ አፅም ይፋረደኝ...

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

የሟቹ ታላቅ ወንድሜ ሚስት ገባች። አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«የሱ ኮምፒውተር ዲስክ ነው። ሴቲንጉን አውጣልኝ» አለች።

«ምን ሊያደርግልሽ፣ እትዬ?»

«ሰዓቱን ማን እንደነካው ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፎጣውን ቀስ ብዬ ፈታሁ...

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እናታችን በድንገት ለቀዶ ጥገና ተጠራች። የምትገባው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ጽሑፍ ቤቱ ውስጥ እየተየበ፣ ሰባት ሲል ሊነሳ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ያያል። ሰዓቱ ለካ አንድ ሰዓት ወደኋላ ተደርጓል። ሆስፒታል ሲደርስ ገብታለች።

በሕይወት አልወጣችም።

«ሰዓት ማየት የማልችል ከብት፣ ራሴው ነክቼው ይሆናል» እያለ ራሱን ሲበላ ኖረ። አምና ተከተላት።

ዲስኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ገመድ ሳልሰካለት... መሽከርከር ጀመረ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ናፍቄው ነው» አልኳት። ሳቅ አልመጣም።

ሰካሁትና ከፈትኩት። ሴቲንጉ አልተበላሸም። ሰዓቱ መቼ እንደተቀየረ፣ በማን ስም ተገብቶ እንደተቀየረ፣ ሁሉም መዝገቡ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ማን ይላል?» ድምፅዋ አይሰማም።

«እንግዳ ነው የሚለው። ስም የለውም።»

«እሱ አይደለማ?»

«አይደለም።»

ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ነው ያየሁት...

የኔ ኮምፒውተር ሰዓት ስድስት ይላል።

የግድግዳው ስድስት።

እጇ ላይ ያለው... ስድስት።

የበሩ ጥላ ቅድም ሁለተኛው የወለል ሴራሚክ ላይ ነበር። አሁን ወደ አንደኛው ተመልሷል።

ስልኳ ጠራ። አየችውና ዘረጋችልኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው።

«ታናሹ...» አለኝ ድምፅዋ። «ወንድምህን አስነሳው። ገና አንድ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ንገረውና ይምጣ...»

«ምን አለች?» አለች የወንድሜ ሚስት።

«አንዱ እየቀለደ ነው» አልኩና ዘጋሁት።

ዲስኩ ቀጥ አለ። ሁለተኛ አልተነሳም።

ሰዓቶቹ ሄደው ሄደው ሰባት ሞሉ። ጥላው ግን ከአንደኛው ሴራሚክ አላለፈም። ዛሬም እዚያው ነው። ደመና ሲሆንም እዚያው ነው።

ምያለሁና አንዲት ነገር ላስተካክል። ሌላው በሙሉ እውነት ነው፣ አንዷን ግን ፈጥሬያታለሁ።

መዝገቡ ላይ «እንግዳ» አይልም ነበር።

«ቀልዴ» ነው የሚለው።

በዋዜማው ማታ ነው የነካሁት... ምሳ እንዲያልፈው ብዬ።