ብርማው ዐመድ

በዚያ ዓመት በሰንደልማ መንግሥት የተወለዱ ሕፃናት አላለቀሱም። ወይ ጉድ! እናቶች ግን «ጭምት ልጅ ሰጠን» ብለው እልል አሉ፤ እንደ አገሩም ወግ፣ ከንጉሡ የእርሳስ ማቅለጫ እየበነነ ከሚወርደው ብርማ ዐመድ ቆንጥረው ግንባራቸውን ቀቧቸው። ዐመዱ የንጉሥ በረከት ነው ይባል ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ውሎ ሲያድር የሰዉ ድድ ጠቆረ፤ የጎልማሶች ክንድ ዛለ፤ ሽማግሎች የልጆቻቸውን ስም ረሱ። ጠቢባኑም «በተራራው ሆድ የታሰረው ዘንዶ ጉርማሽ በትንፋሹ መረዘን፤ ይገደል!» ሲሉ ተናገሩ።

አመልማል አንድያ ልጇ ናሁ ጡት መሳብ ሲያቅተው ጦሯን አነሣች። በአደባባይም ቆማ «የጉርማሽን ራስ ሳልይዝ ብመለስ እናትነቴ ይሻር!» ብላ ማለች። አጎቷ ደርቤ፣ አሮጌው አንጥረኛ፣ መዶሻውን ታጥቆ ተከተላት።

«ጋሼ፣ በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅዎ?»

«የዘንዶውን ሰንሰለት የቀጠቀጠው ይኸው እጅ ነው። ይልቅ ምላስሽን ተይና እግርሽን አንሺ!»

ዓሣ የጠፋበትን ግራጫ ወንዝ ተሻገሩ። በተራራው ሆድ ያለውን የማቅለጫውን በር ከሚጠብቁት የነሐስ ጅቦች ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው፣ አሸንፈው ገቡ።

ጉርማሽ ከእቶኑ ሥር ታስሮ በትንፋሹ እርሳስ ያቀልጥ ነበር። አመልማል ጦሯን ሰበቀች። ዘንዶው አፉን ሲከፍት ግን ሳል አጣደፈው፤ ድዱም ልክ እንደ እሷ ድድ ጠቁሯል።

«አንቺ ሴት» አለ፣ «እኔን የሚገድለኝ እናንተንም የሚገድላችሁ ነው። የምትቀቡት ዐመድ የዚህ እቶን መርዝ ነው። እኔ ከተፈታሁ እቶኑ ይፈርሳል።»

«በገዛ እጄ! ልጄን በገዛ እጄ!» ብላ ጮኸች።

ደርቤ ሰንሰለቱን ዳሰሰ። «ቋጠሮው ያለው በእሳቱ መካከል ነው። ካሰረው ሰው በቀር ለማንም አይፈታም።»

«ጋሼ፣ በሞቴ አይግቡ!»

«እኔ ዓለሜን አይቻለሁ፤ ናሁ ገና አላየም። ሂጂ፣ ልጆቹን እጠቡ በያቸው!»

ገባ። መዶሻው ተራራውን አናወጠው፤ ከዚያ ዝም አለ። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ጉርማሽ ክንፉን ዘርግቶ እቶኑን ገነደሰውና ወደ ሰማይ ወጣ። የሰንደልማ ሰዎች ፀሐይን ያለ ጭስ አዩ!

አመልማል ባዶ እጇን ተመለሰች፤ እያለቀሰችም ሁሉን ነገረቻቸው። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ከተራራው ማዶ ወዳለው ንጹሕ ምንጭ ሮጡ። መርዝ እንደ ገባ ቶሎ አይወጣምና ያልዳኑም ነበሩ። እሷ ግን ናሁን በየቀኑ አጠበችው፤ ከምንጩ በቀር ሌላ ውሃ አልጠጣችም።

አንድ ቀን የአገሩ ዳኛ ከምንጩ ዳር መጣ። «አመልማል፣ የጉርማሽን ራስ ሳትይዢ ተመልሰሻል። በመሐላሽ መሠረት እናትነትሽ ተሽሯል፤ ልጁን አምጪ» አላት።

ወግ ነውና ሰጠችው። ናሁ ከእቅፏ ሲለይ ፊቱ ቀላ፤ አፉን ከፈተ፤ ምንጩ እስኪያስተጋባ ድረስ አለቀሰ!

ዳኛው ደነገጠ። ልጁን መልሶ በደረቷ ላይ አኖረና «እናትነትሽን ልቅሶው መሰከረ፤ መሐላውን ሕፃኑ ፈታው» አለ። ያን ዕለት የሰንደልማ አገር በልጅ ልቅሶ እልል አለ።