የአዲሷ ተራ

«አንቺ ጠርሙሱን ያዢ፤ እኔ እናገርልሻለሁ» አለች አለቃ፣ ቡድናቸው ተጠርቶ ወደ ሰሌዳው ሲወጡ።

አዲሷ አፏን ከፈተች። «እ... እኔ...» አለቃ እስክትጨርስ አልጠበቀችም፤ ፊቷን ወደ ክፍሉ አዙራ ጀመረች።

«አለቃ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። የቡድን ሥራ በተሰጠ ቁጥር ሌሎቹ አጠገቧ ይቀመጣሉ እንጂ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። ክፋት የለባትም፤ ነገር ሲንቀራፈፍ ማየት ስለማትችል ነው። «አዲሷ» ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመጣች ዓመት ቢያልፋትም ስሙ አልለቀቃትም። ስትናገር ምላሷ ስለሚያዝ እሷም ብዙ አታወራ፣ የሚያወራትም የለ።

የባዮሎጂ መምህሯ ከጠርሙስና ከፊኛ የሳንባ ሞዴል እንዲሠሩ ስታዝ፣ ማንም እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ብላ ሥራውን በዕጣ አከፋፍላ ነበር፤ የሚቆርጥ፣ የሚያጣብቅ፣ የሚስል፣ የሚያስረዳ። የማስረዳቱ ዕጣ የወጣው ለአዲሷ ነው።

አለቃ ግን እንደ ውኃ አወረደችው። ከታች የተወጠረውን ላስቲክ ስትስበው ውስጥ ያሉት ፊኛዎች ተነፉ። ክፍሉ አጨበጨበ።

«አስረጂዋ አንቺ ነበርሽ እንዴ?» አለች መምህሯ።

«አይ፣ ቲቸር። እሷ እንዳትቸገር ብዬ ነው።»

«ጠይቀሻታል?»

ደወሉ ተደወለ። አለቃም እፎይ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ ስትወጣ የለመደችው ቤት ተዘግቶ አገኘችው። ከገበያው ጀርባ ወዳለው ትንሽ ፀጉር ቤት ጎራ ስትል፣ ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር የምትጠርገው አዲሷ ነበረች። ፀጉር ሠሪዋ ለካ እናቷ ናት።

«የልጄ የክፍል ጓደኛ ነሽ? እሰይ! ነይ፣ ተቀመጪ» አለች እናቲቱ ማበጠሪያዋን እያነሳች። «ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቼን ሳንባ ስታስተምርልኝ ከረመች እኮ! ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብተው እንኳ አላመለጧትም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴትዮ ሳቀች። «የመጀመሪያ ቀን ‹ድያፍራም› ብላ እስክትጨርስ የእኔ ፀጉር ደርቆ ነበር። ኋላ ግን ልጅቷ ተወጣችው! ቤቱ ሁሉ አጨበጨበላት።»

«ክፍል ውስጥም አጨበጨቡልኝ ብላኛለች» አለች እናቲቱ የአለቃን ፀጉር እየከፈለች። «እውነት ነው?»

አለቃ ቀና ስትል መስተዋቱ ውስጥ ከአዲሷ ዓይን ጋር ተጋጨች። መጥረጊያው ቆሟል።

«አዎ፣ አሪፍ ነበር» ብላ መገላገል ትችላለች። ወይም ሁሉንም ዘርዝራ፣ አሳምራ ይቅርታ መጠየቅ፤ ለንግግርማ ማን ብሏት! ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ግን የትኛውንም ብትል፣ ያንኑ ያደረገችውን ልትደግመው እንደሆነ ገባት።

«እትዬ... እሷ ብትነግርዎት ይሻላል» አለች በቀስታ።

«ምኑን?» እናቲቱ ወደ ልጇ ዞረች።

«አ... አል... አል...»

አለቃ ቃሉን ታውቀዋለች። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ጊዜው የማያልቅ መሰላት።

«አላ... አላቀረብኩም፣ እማ። ተራዬን ወ... ወሰደችብኝ።»

የእናቲቱ ጣቶች ፀጉሯ ውስጥ እንዳሉ ቆሙ። አለቃ አንገቷን ሰብራ ፀጉሯ እስኪጎተት ጠበቀች። ጣቶቹ ግን መጎንጎናቸውን ቀጠሉ፤ ያውም ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብለው። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ስትወጣ አዲሷ በሩ ድረስ ሸኘቻት።

«ይቅርታ» አለች አለቃ።

«እሺ። ግን ቲ... ቲቸርን ቡድን ቀይሪልኝ ብያታለሁ» አለች አዲሷ። በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለአለቃ ግን ቢኖር ይሻላት ነበር።

ሰኞ አዲስ የቡድን ሥራ ተሰጠ። አዲሷ መስኮቱ ሥር ካሉት ጋር ተቀምጣለች። የሆነ ነገር ስትናገር ይሰማል፤ ይቆራረጣል፣ እንደገና ይቀጥላል። ቡድኗ በአንድ ነገር ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። አለቃ የአዲሷን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከፊቷ የክፍሉ ቀልደኛ እርሳሱን እያሽከረከረ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጧል። የዛሬው ሥዕል የእሱ ድርሻ ነው፤ የልብ ሥዕል።

«በቃ አንቺ ሳዪው» አላት ወረቀቱን እየገፋላት። «እኔ የምስለው ድንች ነው የሚመስለው።»

እጇ ሊነሳ ሲል ወደ ጠረጴዛው ሥር መለሰችው።

«ድንችም ይሁን» አለች። «ከየት ልትጀምር አሰብክ?»

ልጁ የምትቀልድበት መስሎት ፊቷን አየ። ከዚያ እርሳሱን ማሽከርከሩን ተወና ማሰብ ጀመረ፤ ረጅም ጊዜ። አለቃም ጠበቀችው።