የሚሸጥ ቤት ከነመስኩ

መርማሪ ኢንስፔክተር ካሣነሽ ከንፋስ መውጫ ተነሥታ የጋይንቷ ቤተ ልሔም መንደር ስትደርስ፣ የመንደሩ ሰው የሚጨቃጨቀው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ፈረሱ ነበር። ግማሹ ዳማው ፈረስ አሁኑኑ በጥይት ይገደል ይላል፤ ግማሹ ከቀብር በኋላ ይሁን ይላል። ፈረሱ ገዳይ መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። የቤቱ ጌታ ደምሌ ማለዳ ጋጣ ውስጥ፣ ከፈረሱ ኋላ፣ ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ተገኝቷል።

ጊዜው የ2004 ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ አመዳዩ ገና ከመስኩ ላይ አልቀለጠም። ካሣነሽ ከመኪና ወርዳ ቤቱን ስታይ ቆም አለች። ደምሌ ያረጀውን የአባቱን የድንጋይ ቤት አድሶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ ሰፋፊ የመስተዋት መስኮት አውጥቶለታል። ከበስተጀርባው ምንጭ የሚያጠጣው መስክ ቁልቁል ይወርዳል። ፈረስ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በጋይንት የለም ይባል ነበር። ካሣነሽ በኪራይ ክፍል መኖር የሰለቻት ሴት ናትና ልቧን ቅናት ቢጤ ጫር አደረጋት። «እኔን ለአንድ አፍታ አይቼው እንዲህ ካደረገኝ፣ ዘወትር የሚያየውንስ?» ስትል በሆዷ አሰበች።

ቤቱ ለሽያጭ ቀርቦ እንደነበር መንገድ ላይ ነግረዋታል። የደምሌ ሚስት ዘነበች ነርስ ናት፤ ሥራዋ ወደ ደብረ ታቦር ስለተዛወረ ባሏ እንዲከተላት ትፈልጋለች። መሬት አይሸጥምና ቤቱ ተሸጦ መስኩ በኪራይ እንዲተላለፍ ከማስረሻ ጋር ንግግር ጀምረዋል። ማስረሻ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ነጋዴ ነው። በየጥምቀቱ ከደምሌ ጋር ፈረስ ይጋልባል፤ ዳማውን ቀድሞ የገባበት ቀን ግን የለም። ሰሞኑን ለግዢው መጥቶ እዚያው መንደር አክስቱ ቤት አርፏል።

በጋጣው ደጃፍ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቆመው ነበር። የደምሌ ታናሽ ወንድም ካሴ ሲጮኽ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። አስከሬኑን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በሩን ዘግተው ማንንም አላስገቡም።

«ከካሴና ከእኔ በቀር የገባ የለም፣ ልጄ» አሏት።

ካሣነሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። የፈረስ ኮቴ ክብ ነው፤ የደምሌ አናት ላይ ያለው ስብራት ግን ማዕዘን ነበረው። ዳማው በአጭር ገመድ ከምሰሶው ታስሮ ዓይኑን ያፈጣል፣ ገመዱን ይጎትታል። ፊት ለፊቱ ያለው ግርግም ድርቆሽ ሞልቶታል፤ አልቀመሰውም። ካሣነሽ እጇን ወደ ድርቆሹ ሰደደችና ከሥሩ አንድ ከባድ መዶሻ አወጣች። በጭድ ተጠርጓል፤ እጀታው ከብረቱ በሚገናኝበት ስንጥቅ ግን ደም ቀርቷል። ፈረሱን ምግቡን ያስጠላው ሽታው ነበር።

«የማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

መሪጌታ መዶሻውን አይተው፣ «የካሴ» አሉ።

ወሬው ከጋጣው ወጥቶ ግቢውን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ፈረሱን ግደሉ ይል የነበረው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ካሴ አዞረ። ትናንት ወንድማማቾቹ በቤቱ ሽያጭ ሲጨቃጨቁ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረምና።

ካሴ በድንጋዩ አጥር ጥግ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ካሣነሽ ስትጠይቀው ጠቡን አልካደም።

«ደምሌ ገንዘቡን አወጣ፤ እኔ ጉልበቴን ሰጠሁ» አለ። «እያንዳንዱን ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ማስረሻ ያንን በር ከፍቶ ሲገባ ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል።»

«መዶሻህ ጋጣ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። የነገራት ይህን ነው። ከጠቡ በኋላ ጸጸተው። የጋጣው መሬት ረግረግ ሆኖ የዳማውን ኮቴ ማበስበስ ስለጀመረ ደምሌ ሳንቃ እንዲያነጥፍለት ደጋግሞ ለምኖት ነበር። እናም ትናንት ማስረሻ ቤቱን ጎብኝቶ ከሄደ በኋላ፣ ባልና ሚስቱ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ብቻውን ወለሉን ሠርቶ ጨረሰ። ከዚያ ዳማውን አስገብቶ፣ መዶሻውን እዚያው ትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ገብቶ ተኛ።

«ይቅርታ በአፌ መጠየቅ አይሆንልኝም» አለ።

«ዳማውን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«ዳማው ታስሮ አያውቅም። ልቅ ነው የሚያድረው፤ ገመድ ያሳብደዋል። ጠዋት ታስሮ ሳገኘው ልፈታው ነበር፤ መሪጌታ ምንም አትንካ አሉኝ።»

ዘነበችም ስለ ገመዱ ይህንኑ አለች። ባሏ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ መውጣቱን ተናገረች። ለሌላውም ጥያቄ ሁሉ በአጭሩ መለሰች። የካሴ ስም ሲነሣ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ባሌ ከእኔ ይልቅ የሚሰማው እሱን ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች። ዘነበች የዋጠችው ነገር እንዳለ ካሣነሽ ገባት፤ አልተጫነቻትም።

ማስረሻ ለቀብር እንደሚሆን ነጠላውን አጣፍቶ ለብሷል። ድሮ ዘነበችን ለትዳር ጠይቆ እንደነበርና ቤተሰቧ ደምሌን እንደመረጠ መሪጌታ ለካሣነሽ አስቀድመው ሹክ ብለዋታል። እሱ ግን ቂም እንደሌለው፣ ዋይታ እስኪሰማም ድረስ ከአክስቱ ቤት እንዳልወጣ አስረዳ።

«ቤቱን አሁንም ይገዙታል?»

«ዘነበች ከፈቀደች ለምን አልገዛም? ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል። ጋጣው እንኳ ሳንቃ ተነጥፎበታል፤ ለፈረስ ይመቻል።»

«ጋጣውን መቼ አዩት?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ደምሌ ሲያስጎበኘኝ።»

ካሣነሽ አመስግናው ሄደች።

ፍትሐቱ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ሰፊው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ደምሌን ፈረስ አልረገጠውም» አለች። «የገደለው የካሴ መዶሻ ነው። ገዳዩ መዶሻውን ከድርቆሹ ሥር ደብቆ፣ ዳማው እንዲከሰስ ከአስከሬኑ አጠገብ አሰረው። ዳማው እንደማይታሰር ካሴ ያውቃል፤ ወይዘሮ ዘነበችም ያውቃሉ። ፈረሱን ያሰረው እንግዳ ሰው ነው።»

ወደ ማስረሻ ዞረች።

«አቶ ማስረሻ፣ ሳንቃውን ትናንት ከሰዓት አየሁት ብለውኛል። ያን ጊዜ ጋጣው ባዶ ጭቃ ነበር። ካሴ ወለሉን ያነጠፈው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ደግሞ መሪጌታ ማንንም አላስገቡም። ሳንቃውን ሊያዩ የሚችሉት ደምሌ በሞተባት ሰዓት እዚያ ከነበሩ ብቻ ነው። ለምን እንደገደሉት ነው ያልገባኝ። ቤቱን ሊሸጥልዎት ነበር።»

«አልነበረም» አለች ዘነበች ድንገት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «ትናንት ማታ ሐሳቡን ቀየረ። ቤቱ የካሴ ይሁን፣ ለማስረሻም ማለዳ እነግረዋለሁ አለኝ። ተጣላን። ከሚስቱ ወንድሙን አስበልጦ ማየቱ አንገበገበኝ። ዛሬም ካሴ ይህን እንዲሰማ አልፈለግሁም፤ ቀናሁበት።»

ካሴ ቀና ብሎ አያት።

ማስረሻ መስኮቱን፣ ከመስኮቱም ባሻገር መስኩን ሲያይ ቆየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሲነጋጋ ጠርቶኝ ጋጣው ውስጥ አገኘሁት። ተንበርክኮ ሳንቃውን በመዳፉ ይዳብስ ነበር። ‹ተመልከት፣ ካሴ ነው የሠራው፤ ተጣልቶኝ ሄዶ ይህን ሠራልኝ› አለኝ። ‹ይህን ልጅ ከዚህ ቤት አላወጣም፤ ይቅር በለኝ፣ አልሸጥልህም።› ደስ ብሎት ይስቅ ነበር። ሚስቱ የእሱ፣ ፈረሱ የእሱ፣ ቤቱ የእሱ። እንደዚያ የሚወደው ወንድም ደግሞ አለው። መዶሻው እግሬ ሥር ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። መሪጌታ ለፍትሐቱ ሊዘጋጁ ተከተሉ፤ ሰዉም አንድ በአንድ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ቀረ። ካሴ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ወለሉን አይቶታል ማለት ነው» አለ ለራሱ።

«አይቶታል» አለችው ዘነበች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን አዙራበት የዋለችው ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ካሣነሽ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።