ሳንቃውን ማን መለሰው?

ሽማግሌው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከአዳዲሶቹ ሳንቃዎች ክምር አጠገብ፣ በጀርባቸው ተዘርግተው ጣሪያውን ያያሉ። አንገታቸው ተሰብሯል። ከሥራቸው የተጨማደደ ላስቲክ ምንጣፍ አለ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ የላይኛው መታጠቢያ ቤት ወለል ነው፤ ወለሉ ደግሞ በስብሶ እየተጠገነ ስለነበር መሐሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። መርማሪው ቀና ብሎ አየ። ቀዳዳው ከላይ በሳንቃ ተከድኗል።

መርማሪውን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጉንፋኔ» ነው የሚለው። ቤቱን የሞላው የበሰበሰ እንጨት ሽታ አልደረሰውም፤ ዓመቱን ሙሉ እንደታፈነ የሚኖር አፍንጫ ነው ያለው። አፍንጫው ያልሠራውን ዓይኑ ደርቦ ይሠራለታል።

«ከወደቁ በኋላ ተነሥተው ከደኑት ልበል?» ሲል ጠየቀ።

«እናቴ ናት የከደነችው» አለች የሟቹ ልጅ፣ በቤቱ ሁሉም «እትዬ» የሚላት፣ ከሌላ ከተማ ለጥየቃ የመጣችው። «ከሞተች ጀምሮ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወጥታ አታውቅም።»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ» አለች ምራትየዋ ከደረጃው ላይ፣ የሽማግሌው ወንድ ልጅ ሞቶባት ከአማቷ ጋር የቀረችው። «ሕፃኗ ልጄ ተኝታለች። ሲያስላት ነው ያደረው።»

ጉንፋኔ ማስነጠሱን ዋጥ አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። ማብሪያውን ቢጫነው መታጠቢያ ቤቱ አልበራም። አምፖሉን በመሐረብ ይዞ ትንሽ አዞረው፤ በራ። ከገንዳው ሥር ትንሽ እርጥብ ምልክት ይታያል፤ ሳንቃው መሐል ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተቀምጧል።

«ጀሪካኑ የኔ አይደለም» አለ ወለሉን የሚጠግነው አናጢ፣ ተከትሎት የወጣው። «እኔ ማታ ስወጣ ሳንቃ ብቻ ነው ጣል ያደረግሁት። ጠዋት እትዬ የቤቱን በር መቀርቀሪያ ከውስጥ ከፈቱልኝ፣ እንጨት ልናወጣ አብረን ዕቃ ቤት ገባን፣ አገኘናቸው።»

«ሽማግሌው ሳይነጋ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?»

አናጢው ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ከገንዳው ሥር እርጥብ ምልክት ይወጣል ጌታዬ፤ የሴት እግር ይመስላል። ጋሼ ሁልጊዜ ሊነጋጋ ሲል ይመጡና ‹ደህና አደርሽ?› ይሉታል። ‹ቧንቧው ነው የሚያፈሰው› ብላቸው አኮረፉኝ። የጥገና ሥራውን የፈቀዱልኝ የራሳቸው እግር ሲሰምጥ ነው። ሴራሚኩን ሳነሳ የሥሩ ሳንቃ እንደራሰ ዳቦ ነበር የተፈረፈረው። ቧንቧውን ያኔውኑ ዘጋሁት፤ ምልክቱ ግን አልቀረም።»

«ከሳቸው ሌላ እዚህ የሚገባ አለ?»

«ሁሉም የታችኛውን ነው የሚጠቀሙት። ግን በቀደም ሕፃኗ እንቅልፏን ሳትጨርስ መጥታ ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። እጇን ይዤ አወጣኋት። ለእናቷ ብቻ ነገርኳት።»

«ለምን ለእናቷ ብቻ?»

«ጋሼ ቢሰሙ ሥራውን ያስቆሙኛል። እትዬ ቢሰሙ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።»

እትዬ ክፍሏ ውስጥ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ካልተዘጋው ኪስ የትንሽ ልጅ ጫማ ብቅ ብሏል።

«ይዣት ልሄድ ነበር» አለች። «አባዬ ነው ያለኝ። ‹እናትሽ ልጅቷን መጥራት ጀምራለች፣ እሷም አቤት ትላለች፤ ከዚህ ቤት አውጪልኝ› ብሎ።»

«እናቷስ?»

«እሷ ከሄደች ማን ያበስልለታል?» አለች፣ ይህም ይጠየቃል በሚል ፊት።

«ልጅቷ የላይኛውን መታጠቢያ ቤት ትጠቀማለች?»

«በየት አገር! ታች ነው እንጂ። ያንን ጉድጓድ ማን ይጠጋል?»

ምራትየዋን ሕፃኗ ከተኛችበት በር ደጃፍ ቆማ አገኛት። ሌሊት የሰማችው ነገር ካለ ጠየቃት።

«ውሃ ሲንጠባጠብ።»

«ቧንቧው ከተዘጋ ሰነበተ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ይንጠባጠባል።»

ጉንፋኔ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ሦስቱንም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰበሰባቸው። ሁሉም በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ ለሟቹ ይሁን ለተኛችው ልጅ አይታወቅም።

«አምፖሉ ላልቷል» ሲል ጀመረ። «ሳንቃው ተነሥቶ በቦታው ላስቲክ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር። ሽማግሌው እንደልማዳቸው ሚስታቸውን ሰላም ሊሉ በጨለማ ገቡ፣ ምንጣፉን ረገጡ፣ ከነምንጣፉ ወረዱ። የቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስላደረ አናጢው የለበትም። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ።»

«እናቴን ረሳህ» አለች እትዬ።

«እናትዎ ጀሪካን አይሸከሙም። ቀዳዳው ክፍቱን ቢቀር ኖሮ ሁላችንም ‹ጨለማ ነው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አናጢው ዝርክርክ ነው› ብለን አልቅሰን እንቀብር ነበር። ገዳዩ ግን ተመልሶ ከደነው፣ ትንሽ እጅ እንዳይገፋው ክብደት ጫነበት፤ ማምለጫውን በገዛ እጁ ዘጋ። ለምን? ሌላ እግር ሊመጣ እንደሚችል ስላወቀ ነው። እትዬ ይህን አያውቁም። አናጢው የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ምራትየዋ አላየም። እሷ የምታየው ሕፃኗ የተኛችበትን ክፍል በር ነበር።

«ክፍቱን ልተወው ነበር ያሰብኩት» አለች። «ሲወድቁ ሰማሁ። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ወጣሁ። ልጄ ተገላበጠች። ሁልጊዜ ከመንቃቷ በፊት ትገላበጣለች።»

«አባቴን» አለች እትዬ። ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

«አባትዎ ልጄን አሳልፈው ሊሰጡብኝ ነበር፣ እትዬ። ጫማዋን ከሻንጣዎ ውስጥ አየሁት።» ወደ ጉንፋኔ ዞረች። «ጀሪካኑን ትወስዱታላችሁ አይደል?»

«ማስረጃ ነው።»

«እንግዲያው ሳንቃውን በምስማር አስመቱልኝ። ስትነቃ በቀጥታ ወደዚያ ነው የምትሮጠው።»

ደንቡ አንድም ነገር አይነካም ይላል። ጉንፋኔ አፍንጫውን ረዘም አድርጎ ጠረገ፤ ከዚያ ጀሪካኑን ራሱ አንሥቶ ለአናጢው በአገጩ ምልክት ሰጠው። አናጢው ተንበረከከ። መዶሻው አንዴ፣ ሁለቴ አስተጋባ። ከገንዳው ሥር፣ ቧንቧው በተዘጋበት ቤት፣ እርጥቡ ምልክት ጠዋት ካየው ትንሽ ወደ በሩ የቀረበ መሰለው ለጉንፋኔ። የአምፖሉ ጥላ ነው ብሎ ተወው።

ከተዘጋው በር ኋላ በእንቅልፍ የተያዘ ድምጽ ተሰማ።

«አያቴ? አንቺ ነሽ?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። እትዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምራትየዋ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ድምጿ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

«ወለሉ ነው፣ የኔ እናት። እየተሠራ ነው። ተኚ።»