ጋቢው የሚታይበት ማዕዘን

ያን ማለዳ መጀመሪያ የተሰማው ብረት ነው። ከግድግዳ ጋር የተላተመ ብረት፤ አንድ ጊዜ ጮኾ ቀስ እያለ የሞተ። ከእሱ ቀጥሎ ከባድ ነገር ጭቃው ላይ አረፈ። የአፓርታማው ጥበቃ አያ ደሳለው ካፖርታቸውን እየጎተቱ ሲወጡ፣ የሦስተኛ ፎቋ ተከራይ መምህርት ትርሲት በጎኗ ተኝታ ነበር። አትተነፍስም ነበር።

«መጀመሪያ ብረቱ፣ ቀጥሎ ልጂቱ» አሏት ከወረታ ፖሊስ ለመጣችው ኢንስፔክተር አምሳል።

«አዙረው ሰምተውት እንዳይሆን አያ?»

«ጆሮዬን እኮ ሽጬ አልበላሁትም።»

አምሳል ቀና አለች። በጣሪያው ዙሪያ የተተከለው አረንጓዴ መደገፊያ ብረት አንዱም ሳይጎድል ቆሟል። ግቢው ውስጥም የወደቀ ብረት የለም።

«ከዚያስ ማን መጣ?»

«ሰውመሆን። የገፋት ሰው ካለ ልያዘው ብሎ ወደ ጣሪያው ሮጠ። ቆይቶ ነው የወረደ።»

ሰውመሆን የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው፤ የትርሲትም እጮኛ። ለጥር ሊጋቡ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯቸዋል።

«እናቷ በውኃ ከተከበቡ ወዲህ ስታዝን ነበር የሰነበተችው» አለ። «ራሷን ነው የወረወረች። አያ ደሳለው እንደሆነ ያንቀላፋሉ።»

ይህ ቃል ከእሱ አፍ ወጥቶ ከተማውን አዳርሷል። ቄስ ዘመነ በር ላይ ቆመው አምሳልን ይጠብቋት ነበር።

«ክፉ ሆኜ አይደለም ልጄ» አሏት። «ራሷን ያጠፋች እንደሆነ ግን ፍትሐት አይደረግላትም። ቁርጡን ንገሪኝ።»

የትርሲት እናት እማማ ካሳነሽ በታንኳ ደርሰው ደረጃው ሥር ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ጋቢያቸውን ደርበዋል።

«ልጄ ራሷን አታጠፋም» አሉ። «የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ከዋጠው ወዲህ መብራት የለ፣ ስልኬም ሞቷል። በየማለዳው ይችን ጋቢ ከደጄ ሾላ ላይ እሰቅልላታለሁ። ደኅና አድረናል ማለቴ ነው፤ ውኃ ሲመጣ እኛ እንዲህ ነው የምንጠያየቅ። እሷ ከጣሪያው ላይ አይታ ነው ወደ ሥራ የምትሄድ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ሌሊት ቤቱ አፍስሶ ርሶብኝ እሳት ዳር ዘርግቼው፣ ሳልሰቅለው ረፈደ።»

አምሳል ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

ትርሲት ሰሞኑን ያኮረፈቻት ጎረቤት ውባንቺ፣ ሳትጠየቅ በሯን ከፈተች።

«ገፍታታለች እየተባልሁ ነው አሉ። ግቢና ያዥኝ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በእጮኛዋ። በሕንፃው የኢንተርኔት ገጽ ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቼ ‹የጣሪያው ማዕዘን ብረት ይነቃነቃል› ብዬ ጻፍሁ። እንጀራውን ልትዘጊበት ነው ብላ አኮረፈችኝ። ቢሆንም ሰምታኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ከብረቱ ርቃ በርጩማ ላይ ቆማ ነበር የእናቷን ጋቢ የምታይ።»

«እሱ ምን መለሰ?»

«‹ክብርት ተከራያችን፣ ብረቱ ተጠግኗል፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።› አዲስ ቀለም የተቀባ ብረት ፎቶም አስከትሏል። በየቀኑ ደረጃ ላይ እየተጋፋን ክብርት ይለኛል።» ስልኳን አወጣች። ፊቷ ተለወጠ። «የእኔ ጽሑፍ አለ። መልሱ የለም። ትናንት ማታ ነበረ እኮ።»

በርጩማው ትርሲት ክፍል ተመልሶ አልጋው ሥር ገብቷል። ጣሪያው ላይ የውኃ ሮቶዎቹ ሜዳውን ይጋርዳሉ፤ ሾላው የሚታየው ከአንድ ማዕዘን ብቻ ነው። የማዕዘኑ ብረት እግር በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ገና ያብረቀርቃል። አምሳል በደረቷ ተኝታ ቁልቁል አየች። ነጩ ግድግዳ ላይ ቅስት የሠራ አረንጓዴ ጭረት አለ።

ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«አያ ደሳለው አላንቀላፉም» አለች። «ብረቱ በአንድ ጫፉ ተነቅሎ እንደ በር ተወዛወዘ፣ ግድግዳውን መታ። ራሱን የሚወረውር ሰው ብረቱን ይሻገረዋል እንጂ አይነቅለውም። ትርሲት ተደግፋው ነው የወደቀች። ማንም አልገፋትም።»

ውባንቺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ብረቱን ወደ ቦታው መልሶ በሽቦ ያሰረው፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ጣሪያው የወጣው ሰው ነው። ከገጹ ላይ መልሱን ያጠፋውም የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው። ትርሲት ያን መልስ ባታነብ ኖሮ ዛሬም በርጩማዋ ላይ ነበረች። ሌላ ቢጽፈው ትጠራጠር ነበር። የጻፈው ግን ሰውመሆን ነው፤ አመነችው።»

ሰውመሆን ቀና አላለም። «በያጅ እንጥራ አልሁ። ባለሕንፃው ቀለም ቅባው፣ ኮከቡ ከወረደ ሌላ ሥራ ፈልግ አለኝ። ውኃው ሲጎድል አስበይደዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ልጄ» አሉ ቄስ ዘመነ ቀስ ብለው፣ «ራሷን ገደለች ስትል ፍትሐት እንደምትከለከል አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ።

ውባንቺ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነፈሰች። «ግን እኮ በየቀኑ ጋቢውን ከቆመችበት ታየው ነበር። ዛሬ ምን ሆና ነው እስከዚያ የተንጠራራች?»

አምሳል አፏን ከፈተች። ዓይኗ እማማ ካሳነሽ ላይ አረፈ፣ ከጋቢያቸው ላይ። ጫፉ ጭስ ጠቁሮበታል።

«ጭጋግ ነበር» አለች።

አያ ደሳለው ማለዳው እንዴት ጥርት ብሎ እንደነጋ ያውቁ ነበር። ሊናገሩ ቃጥተው ተዉት።

ያንኑ ጥርት ያለ ማለዳ ያዩት እማማ ካሳነሽ ተነሡ። ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አራት ላይ አጥፈው ደረጃው ላይ አኖሩት፤ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

«እማማ፣ ወዴት ነው? ቀብሩ እኮ ደርሷል» አለች ውባንቺ።

በጭቃማ እግራቸው ግቢውን አቋርጠው፣ ዞር ሳይሉ፣ በበሩ ወጡ።